የቆየ አሉሚኒየም ስኔር፦ ማጠብ፣ ማወልወል፣ ማስቀባት ወይስ ክሮም ማስነከር?

ጅማ ውስጥ የቆየ ስኔር፣ ማለትም ከታችኛው ቆዳው ሥር ሽቦ የተወጠረበት ድራም፣ ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ጥቂት አይደለም። አንዱ ቸርቹ አዲስ ድራም ሲገዛ አሮጌውን የወሰደ ነው። ሌላው ከትምህርት ቤት የማርሽ ባንድ ግምጃ ቤት የወጣ ዕቃ ገዝቶ ነው። ሌላው ደግሞ ሆቴል ይጫወት የነበረ ባንድ ሲበተን በድርሻው የደረሰው። የሚጠይቁኝ ግን ሁሉም አንድ ነገር ነው፦ «ይሄን እንዴት አድርጌ አዲስ ላስመስለው?»

መልሴን ቀድሜ ልናገር። ቀፎው አሉሚኒየም ከሆነ አዲስ ለማስመሰል አትድከሙ። እጠቡት፣ ቆዳውንና ሽቦውን ቀይሩለት፣ አሉሚኒየሙን አትንኩት። ድምፁ ያለው ቆዳው፣ ሽቦውና ቆዳው የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ነው። አሉሚኒየሙ ላይ የሚወጣው ገንዘብ አብዛኛው ለዓይን ብቻ ነው፤ አንዳንዴም ድራሙን ይዞት ይሄዳል። ይሁን እንጂ ማወልወልም ማስቀባትም ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ እሱንም አልደብቅም። ስለዚህ አራቱን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ የያዛችሁትን እወቁ

ማግኔት ፈልጉ። ከተበላሸ ስፒከር ጀርባ የወጣ ይበቃል። ቀፎው ላይ አስጠጉት፤ ቀፎ የምለው ቆዳዎቹ የሚወጠሩበትን ክብ ገላ ነው። ከያዘው ብረት ነው፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ግማሹ አይመለከታችሁም። ካልያዘው ወይ አሉሚኒየም ወይ ናስ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ክብደት ነው፦ አንድ ሊትር ቦታ የሚሞላ አሉሚኒየም 2.7 ኪሎ ሲመዝን ናስ ከ8 ኪሎ ይበልጣል። ቀፎውን ለብቻው አውጥታችሁ ስታነሱት «ይሄ ነው እንዴ?» የሚያስብል ቅለት ካለው አሉሚኒየም ነው። ሪሞቹን፣ ማለትም ቆዳውን ከላይና ከታች የሚጫኑትን ቀለበቶች፣ እና ብሎኖቹን ማግኔት ቢይዛቸው አትደናገሩ፤ እነሱ ብረት ናቸው።

ከቆዩ አሉሚኒየም ስኔሮች መሀል በብዛት የሚታወቁት የሉድዊግ ናቸው። ሉድዊግ በ1909 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ በሁለት ወንድማማቾች የተመሠረተ ድርጅት ነው። ሁለት ሞዴሎቹን መለየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ምርጫችሁ በሙሉ እዚህ ላይ ነው የሚወሰነው።

አንደኛው አክሮላይት ነው። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ በዋናነት ለተማሪዎች የተሸጠ። ስፋቱ 14 ኢንች፣ ጥልቀቱ 5 ኢንች ነው፤ ዙሪያውን 8 ላግ አለው። ላግ ማለት ብሎኖቹ የሚገቡባቸው ጆሮዎች ናቸው። የድሮው አክሮላይት ክሮም አልተነከረም። ቀፎው ፈዘዝ ያለ ብርማ ነው፣ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ዙሪያውን የሚሄዱ ደቃቅ መስመሮች አሉት።

ሁለተኛው ሱፕራፎኒክ ነው። 10 ላግ አለው፣ ያብረቀርቃል። መጀመሪያ ላይ ቀፎው ናስ ነበር፤ ከ1963 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ ግን አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ ክሮም ተነከረ። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ክሮም አሉሚኒየም ላይ እንደ ብረት ላይ አጥብቆ አይይዝም። ላብና እርጥበት በቀጭን ቀዳዳ ሾልኮ ከሥር ይገባል፣ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ክሮሙ ያብጣል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ላዩ ላይ የተበተኑ ነጫጭና ጥቋቁር ነጥቦች ካያችሁ ይሄ ነው። በምንም ፖሊሽ አይጠፋም። ተፈትጎ የሚወጣ ቆሻሻ ሳይሆን የጎደለ ክሮም ነው። ከተፈተገ ጭራሽ ይሰፋል።

ቀፎው ላይ ያለውን ባጅ፣ የድርጅቱን ስም የያዘውን ምልክት፣ እዩት። እስከ 1969 እ.ኤ.አ. ገደማ የነበረው ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ያለው ነው። ከዚያ በኋላ ሰማያዊና ወይራማ ቀለም ያለው፣ ጫፉ የሾለው መጣ። የድሮው ባጅ ያለበትን ቀፎ ማስቀባት ወይም ማወልወል ገንዘብ መጣል ነው። ለሰብሳቢ ዋጋው ያለው ያልተነካ በመሆኑ ነውና።

የጅማ አየር

ይሄን የማነሳው በከንቱ አይደለም። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች፣ ዝናቡም ከክረምቱ ቀድሞ ይጀምራል፣ ከክረምቱም በኋላ ቶሎ አይለቅም። አሉሚኒየም ራሱን የሚከላከልበት ስስ ሽፋን አለው፣ አየር ሲነካው በራሱ ጊዜ ይሠራዋል። ደረቅ ቦታ ላይ ዕድሜ ልኩን ይኖራል። ግን የብረት ብሎን አሉሚኒየም ላይ ተጠግቶ መሀላቸው እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ይበላል። ስለዚህ ነው ላጉን ስትፈቱት ከሥሩ ነጭ ዱቄት የምታገኙት፣ ላዩ ግን ደህና የሚመስለው።

ሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ ስኔር ደግሞ ሌላ ነው። እርጥብ ሲሚንቶ አሉሚኒየምን ይበላል። ከግምጃ ቤት የወጣ ድራም ስትገዙ ገልብጣችሁ የታችኛውን ጠርዝ በጣታችሁ ዳስሱ። ሻካራ ከሆነ ወይም እንደ አሸዋ የሚረግፍ ነገር ካለው ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት አስቡበት።

መንገድ አንድ፦ አጥቦ መተው

ርካሹ ይሄ ነው፣ ለአብዛኛው ሰውም ትክክለኛው። የሚፈልገው የድራም ቁልፍ፣ ካቻቪቴ፣ ለስላሳ ስፖንጅ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ትንሽ የመኪና ሰምና አንድ ከሰዓት ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። የሽቦ ማንሻውን፣ ሽቦውን ወደ ቆዳው የሚያስጠጋውንና የሚያላቅቀውን፣ ከሁለት ወገን ፎቶ አንሱት፣ ሲገጠም የሚያደናግረው እሱ ነው። ብሎኖቹን በየተራ፣ አንዱን ትንሽ ላላ አድርጋችሁ ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለውን፣ እንዲህ እያላችሁ ዞሩ። አንዱን ወገን ጨርሳችሁ ብትፈቱ ሪሙ ሊጣመም ይችላል። ከዚያ ላጎቹን ከውስጥ ፍቱ። የየላጉን ብሎንና ሮንዴላ በትንንሽ ፌስታል ለያይታችሁ አስቀምጡ።

ቀፎውን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡ። ወዲያው በጥጥ ጨርቅ አድርቁ። ከደረቀ በኋላ የመኪና ሰም በስሱ ቀቡ፣ ወልውሉ። አለቀ።

አሁን የማይነካውን ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። አመድ አይነካም። ቤት ውስጥ የአሉሚኒየም ድስት በአመድ ሲፈተግ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ስለዚህ ሰው ስኔሩንም እንደዚያው ያደርገዋል። ድስቱ የበራው አመዱ ከውሃ ጋር ሲገናኝ የአሉሚኒየሙን የላይኛውን ሽፋን ስለሚያሟሟው ነው። ድስት ወፍራም ነው፣ በየቀኑም ይፈተጋል፣ ምንም አይል። የስኔር ቀፎ ግን ስስ ነው፣ ዋጋ ያለውም ያ የላይኛው ሽፋን ነው። በረኪናም ያው ነው። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦም አይሆንም፤ ከላይ ይጭራል፣ የሚረግፈው የብረት ብናኝም አሉሚኒየሙ ላይ ተጣብቆ ይዝጋል፣ ከሳምንታት በኋላ ቡናማ ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

ሪሞቹና ብሎኖቹ ግን ብረት ስለሆኑ ሌላ አያያዝ ይፈልጋሉ። የምግብ መጠቅለያ ፎይል ጨምድዳችሁ ውሃ ነክራችሁ የዛገውን ክሮም ፈትጉት። ፎይሉ ከክሮሙ ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ አይጭረውም፣ ዝገቱን ግን ያነሳዋል። ጥቁር ውሃ ይወጣል፣ ጥሩ ምልክት ነው። ይሄን ስታዩ ነው ሰው «አዲስ ልግዛ» ያለው ሪም ገና ብዙ ዕድሜ እንዳለው የሚገባችሁ። ብሎኖቹን ናፍጣ ውስጥ አሳድሩ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥርሳቸውን አጽዱ፣ ጠብታ ዘይት አድርጉላቸው።

የጠፋ ወይም የተበላ ብሎን ካለ ከጋራዥ በግምት አምጥታችሁ አታስገቡ። የሉድዊግ ብሎን ውፍረቱ 5.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥርሱ የአሜሪካ ልክ ነው፣ በኢንች 24 ጥርስ። የጋራዥ ባለ 5 ሚሊ ብሎን ገብቶ ይላወሳል፣ ባለ 6 ሚሊው በግድ ገብቶ የላጉን ውስጥ ይበላዋል። የድራም ብሎን ለብቻው ይሸጣል፣ የብዙ ዘመናዊ ድራሞች ብሎንም ከዚህ ጋር አንድ ነው። ከተጣለ ስኔር ላይ የተፈታ ብታገኙ እንኳ ያለ ኪያቬ በእጃችሁ ብቻ ዞሮ የሚገባ ከሆነ ይሆናል።

መንገድ ሁለት፦ እንደ መስታወት ማወልወል

ቆንጆ ነው፣ አልክድም። መድረክ ላይ መብራት ሲያርፍበት ሌላ ነገር ይሆናል። ግን የምትከፍሉትን እወቁ።

አክሮላይት ላይ ያ ፈዘዝ ያለ ወለል ዝም ብሎ የተተወ ቀለም አይደለም፤ በኤሌክትሪክ የጠነከረ መከላከያ ሽፋን ነው። መስታወት ለማድረግ እሱን ማንሳት ግድ ነው። ካነሳችሁት በኋላ አሉሚኒየሙ ራቁቱን ቀረ ማለት ነው። የእጅ አሻራ ይይዛል፣ እርጥበት ያደበዝዘዋል፣ ጅማ ላይ ደግሞ በየጊዜው ካልወለወላችሁት ወደ ግራጫ ይመለሳል። የማይቋረጥ ሥራ ነው። ድምፁ ላይ የምትሰሙት ለውጥ የለም።

ሱፕራፎኒክ ላይ ማወልወል የሚባል ነገር አታስቡ። ክሮሙን በለስላሳ ጨርቅና በሰም ማጽዳት ይበቃዋል።

ማወልወል የሚያዋጣው መቼ ነው? ቀፎው ቀድሞውኑ በሽቦ ተፈትጎ ወይም ተቀብቶ ተገሽልጦ ሽፋኑ ከጠፋ። ያኔ የሚጠፋ ነገር የለም፣ ወልውሉት። ቀለም ካለበት በቀለም ማስለቀቂያ አስለቅቁ፣ ግን ዕቃው ላይ ለአሉሚኒየም ይሆናል የሚል መኖሩን አንብቡ። ከዚያ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከ400 ጀምራችሁ 600፣ 1000፣ ከተገኘም 2000፣ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ዙሪያውን እየሄዳችሁ። መጨረሻ ላይ የብረት ፖሊሽ። ጨርቃችሁ ከሰል እንደነካ ይጠቁራል፣ ይሄ ያለ ነው።

ቶርኖ ቤት ወስዶ በማሽን ማስወልወል ይፈጥናል። የሚያስፈራኝ ጠርዙ ነው። ሠራተኛው ማሽኑን ቀፎው መሀል ላይ እንደያዘው ጠርዙ ላይም ከያዘው ቆዳው የሚያርፍበትን ቦታ ይበላዋል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። በማሽን ካስወለወላችሁ ሁለቱንም ጠርዞች በወፍራም ፕላስተር ሸፍናችሁ ስጡ፣ አጠገቡም ቁሙ።

መንገድ ሦስት፦ ማስቀባት

ጋራዥ ሁሉ ቀለም ቀቢ አለው፣ ስለዚህ ይሄ ቀላሉ ይመስላል። ጥሩ ቀቢ ካገኛችሁ እውነትም ይሆናል። ግን መኪና የለመደ ሰው አሉሚኒየም ሲሰጡት የሚሠራው መኪናውን እንደሚሠራው ነው፦ ስቱኮ ይለጥፋል፣ ተራውን አንቲሩጂኒ ይነፋል፣ ቀለም ይደርባል። ተራ አንቲሩጂኒ ብረት ላይ እንጂ አሉሚኒየም ላይ በደንብ አይይዝም። ላጎቹ ሲጠብቁ ቀለሙ ከሥራቸው ይሰነጠቃል፣ እርጥበት ይገባል፣ ከዚያ እንደ ልጣጭ ይነሳል። ስቱኮ ደግሞ በወፈረ ቁጥር ክብደት ይጨምራል፣ የቀፎውን ንዝረት ያፍናል።

ስለዚህ ከቀቢው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ቀፎው ከላግ፣ ከማንሻና ከባጅ ነጻ ሆኖ ይሰጠው። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክር። ለአሉሚኒየም የሚሆን ፕራይመር ይቀባ፣ ከዚያ ቀለሙ ስስ ስስ ሆኖ ይደረብ። ከውስጥ ምንም አይቀባ። ጠርዞቹ ይሸፈኑ። ከደረቀ በኋላም ቶሎ አትገጣጥሙት፤ ላይ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ቀለም ላጉ ሲያርፍበት ይሰምጣል። በየላጉ ሥር ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ስስ ላስቲክ ብታደርጉ ቀለሙንም ይጠብቃል፣ ብረቱንና አሉሚኒየሙንም ያለያያል።

ማስቀባት የሚያምረው ለትምህርት ቤት የማርሽ ባንድ ነው። እዚያ ድራሞቹ አንድ ዓይነት መልበሳቸው ራሱ የሥራው አካል ነው፣ ፀሐይና ዝናብም ያገኛቸዋል። ክሮሙ በየቦታው የፈነዳ፣ ባጁ የጠፋ ሱፕራፎኒክም ቢቀባ አይቆጨኝም። ድምፁ ያው ይቀራል፣ መልኩ ይድናል።

መንገድ አራት፦ ክሮም ማስነከር

ለቀፎው አልመክርም፣ ምክንያቱ ይሄ ነው። አሉሚኒየም ክሮም ከመነከሩ በፊት ሽፋኑ ተነስቶ ሌላ ሽፋን ሳይሠራ ዚንክ ውስጥ መግባት አለበት፣ ከዚያ መዳብ፣ ከዚያ ኒኬል፣ መጨረሻ ላይ ነው ክሮም። ብረት የሚነክር ሁሉ ይሄን ይችላል ማለት አይደለም። ደረጃው ከተዘለለ የነበረው ችግር ይደገማል፣ ክሮሙ እንደገና ያብጣል። በዚያ ላይ አሮጌውን ክሮም ለማስለቀቅ የሚገባበት ኬሚካል በትክክል ካልተያዘ ቀፎውን ይበላዋል። ሥራው የሚያወጣው የክሮም ጭስም መርዝ ነው፣ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም።

ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ካሰባችሁ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ፣ በስልክ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «አሉሚኒየም ላይ ከኒኬል በፊት ምን ታደርጋላችሁ?» ዚንክ ካላሉ አትላኩ። ሪሞቹን ብቻ ከሆነ ግን ብረት ናቸው፣ ማስነከር ይቻላል፤ ቢሆንም ተተኪ ሪም ማግኘት ብዙ ጊዜ ይቀላል። 14 ኢንች ሆኖ የቀዳዳው ቁጥር ከላጋችሁ ጋር እኩል መሆኑን አረጋግጡ፣ 8 ለ8፣ 10 ለ10። የታችኛው ሪም ሽቦው የሚያልፍባቸው ክፍተቶች እንዳሉትም እዩ።

የተሰረጎደ ወይም የተጣመመ ቀፎ

ይሄ ከአራቱም መንገድ ይቀድማል። ቀፎው ክብ ካልሆነ ቆዳው አይቀመጥም፣ ቆዳው ካልተቀመጠ ምንም ብታደርጉ አይወጠርም።

በሜትር ስፋቱን በአራት አቅጣጫ ለኩ። ልዩነቱ አንድ ሁለት ሚሊ ከሆነ ቆዳው ያለ ግፊት መግባቱን ሞክሩ፣ ከገባ እርሱት። ከዚያ ቀፎውን ወፍራም ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጡ፣ የሱቅ ባንኮኒ መስታወት ይሆናል። መብራት አጥፉና የስልክ ባትሪ ከውስጥ አብሩ። በጠርዙ ሥር ብርሃን የሚሾልክበት ቦታ ካለ እዚያ ጎድሏል።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። በታችኛው ጠርዝ ላይ፣ ፊት ለፊት በተቃራኒ፣ ሁለት ቦታ ላይ ብርሃን መሹለክ አለበት። ሽቦው የሚተኛበት ነው። ሆን ተብሎ በስሱ ዝቅ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ያለ እሱ ሽቦው ቆዳው ላይ እኩል አይቀመጥም፣ ይንጫጫል። ስርጉዱን እንዲያወጣ የምትሰጡት ባትላሜራ ደግሞ ዓይኑ የሠለጠነው ስርጉድ ለማየት ነው። መርካቶ አካባቢ አንድ ቀፎ የወሰድኩለት ባለሙያ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ሲዳስስ ቆየና መዶሻውን አነሳ።

«ጋሼ፣ እሷን ቦታ አይንኩብኝ» አልኩ።

«ተጣሟል እኮ ልጄ፣ ላስተካክልልህ እንጂ።»

«አልተጣመመም ጋሼ፤ ሽቦው የሚያልፍበት ነው። ማዶውን ደግሞ ይዩት።»

ቀፎውን አዙሮ ማዶውን ዳሰሰ። ሁለቱን ቦታዎች አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ እያለ በጣቱ አመሳከራቸው። ከዚያ በጠመኔ ሁለቱንም ምልክት አድርጎባቸው መዶሻውን ወደ ሆዱ ስርጉድ አዞረ። እናንተ ጠመኔውን ቀድማችሁ ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

የቀፎውን ሆድ ለማውጣት የብረት መዶሻ ብቻውን አይሆንም፣ አንዱን ስርጉድ አውጥቶ አሥር ትንንሽ ጉብታ ይተዋል። ከሥር የቀፎውን ቅርጽ የያዘ እንጨት ያስፈልጋል። ጅማ ላይ በዚህ ታድለናል፣ በርጩማ የሚሠሩት እጅ እንጨት ጎድጉዶ ክብ ማውጣት ለምዷል። ቀፎውን ይዛችሁ ሂዱና የውጪውን ክብ ተከትሎ የጎደጎደ ጉማጅ አሠሩ። ቀፎው እሱ ላይ ይተኛል፣ ከውስጥ በላስቲክ ወይም በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ መምታት ነው። መሀሉ ላይ ያለው ጉብ ያለ መስመር ላይ የደረሰ ስርጉድ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ድምፁን ካላወከ ተዉት።

ብየዳ አታስቡ። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ላዩ ላይ ያለው ሽፋን ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ተራ ብየዳ ሽፋኑን ሳይበሳ ከሥሩ ያለውን አቅልጦ ቀዳዳ ይከፍታል። በላግ ቀዳዳ ዙሪያ ትንሽ ስንጥቅ ካለ ከውስጥ ሰፋ ያለ ሮንዴላ አድርጉና ሳታጠብቁ እሰሩት። ጠርዙ ራሱ ከተሰነጠቀ ያንን ቀፎ አትግዙ።

ገንዘባችሁ የሚሄድበት ቦታ

ከማስቀባትና ከማስወልወል የተረፈውን፣ እንዲያውም ዋናውን፣ እዚህ አውሉት።

የላይኛው ቆዳ ነጭ ሸካራ ሽፋን ያለው ባለ አንድ ድርብ ቢሆን እመርጣለሁ፣ ውፍረቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ። የአሉሚኒየም ባህሪ በደንብ የሚሰማው በሱ ነው፦ ደረቅ፣ ጥርት ያለ፣ ከብረት ስኔር ቶሎ የሚያርፍ። ባለ ሁለት ድርቡ ለጠንካራ መቺ ይበረክታል፣ ግን በቀስታ ስትመቱ ይደነቁራል። ቸርች ውስጥ ለምትጫወቱ ባለ አንድ ድርቡ፤ ለማርሽ ባንድ ባለ ሁለት ድርቡ።

የታችኛው ቆዳ ሌላ ነው። ከ0.08 ሚሊ ሜትር ብዙ የማያልፍ ስስ ነው፣ የሚሸጠውም ለስኔር ታች ተብሎ ነው። ብዙ ስኔር ላይ የላይኛው ዓይነት ቆዳ ከታች ተገጥሞ አይቻለሁ፣ ባለቤቱም ሽቦው አልሰማ ብሎት ማንሻውን ሲያጠብቅ ይኖራል። የሽቦው ጥፋት አይደለም። ቆዳው ወፍሮ ሽቦውን አላነቃነቀውም። የሚገኘው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ይሄን ቆዳ ግዙ።

ሽቦ ባለ 20ውን ውሰዱ። ባለ 42ው ጠንከር ያለ ጩኸት ይሰጣል፣ ግን ቀፎውን ይሸፍነዋል፤ ለዚያ ከሆነ ማንኛውም ስኔር ይበቃችሁ ነበር። ሽቦውን በሲባጎ አትሰሩ፣ ይለጠጣል፣ በየዘፈኑ መሀል ማጥበቅ ይሆናል። ከጣላችሁት አሮጌ ቆዳ ላይ አንድ ሴንቲ ተኩል ስፋት ያለው ረጅም ቁራጭ ቁረጡ፣ ጫፎቹን ከማንሻው ሥር አስገቡና እሰሩ። አይለጠጥም፣ ወጪም የለውም።

ማንሻው ከላላ ወዲያው አትቀይሩት። ፍቱት፤ ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ አቧራና የደረቀ ግራሶ ነው። በናፍጣ አጽዱ፣ ትንሽ አዲስ ግራሶ አድርጉ። በእርግጥ ከተሰበረ፣ ሌላ ስትገዙ የብሎኖቹ ቀዳዳ ርቀት ከቀፎው ጋር መግጠሙን ለኩ። ለማንሻ ብላችሁ አዲስ ቀዳዳ አትብሱ። የተበሳ ቀፎ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ ለእርጥበትም ሌላ በር ይከፈታል። ከውስጥ ያለው የድሮ ማፈኛ፣ ያ ፌልት የተለጠፈበት፣ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ግን አውጥታችሁ ከብሎኑ ጋር በፌስታል አስቀምጡት። ስትሸጡ አብራችሁ ስጡ።

«በዚህ ሁሉ ድካም አዲስ ርካሽ ስኔር ብገዛስ?» የሚል ይኖራል። ቀፎው ክብ ከሆነና ጠርዙ ደህና ከሆነ አሮጌውን አሉሚኒየም እመርጣለሁ፣ ያለ ማመንታት። በርካሽ የሚሸጠው አዲስ ስኔር አብዛኛው ቀፎው ስስ ብረት ነው፣ ጩኸቱ ይረዝማል፣ ማይክ ሲጠጋው ደግሞ ይባስ ይላል። ጠርዙ የተበላ ወይም ቀፎው ሞላላ የሆነ ከሆነ ግን ሙግት የለም፣ አዲሱን ግዙ። ያሮጌውን ላግና ሪም አትጣሉት፣ ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል።

ስትወጥሩት ብሎኖቹን መጀመሪያ ሁሉንም በጣት ብቻ አስጠጉ። ከዚያ በቁልፍ ግማሽ ግማሽ ዙር፣ ሁልጊዜ ከአንዱ ወደ ፊት ለፊቱ። የታችኛውን ቆዳ ከላይኛው ጠበቅ አድርጉት። የኛ ከበሮ ክረምት ሲገባ ቆዳው ስለሚረግብ ፀሐይ ወይም እሳት ይሞቃል። የፕላስቲክ ቆዳ እርጥበት አያረግበውም፣ ስለዚህ ስኔሩን ምድጃ አጠገብ አታስጠጉት።

ማስቀመጫውም ይታሰብበት። ከሲሚንቶ ወለል አንሱት፣ የእንጨት መደርደሪያ ወይም በርጩማ ላይ ይሁን። በፌስታል ጠቅልላችሁ አትሰሩት፣ እርጥበቱን ይዞ ያስቀረዋል፤ ጨርቅ ይሻላል። ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት መምጠጫ ትንንሽ ከረጢቶች ከቦርሳው ውስጥ ክተቱ። ክረምት ሲወጣ ደግሞ አንድ ሁለት ላግ ብቻ ፈታችሁ ሥሩን እዩ፤ ነጭ ዱቄት ከጀመረ በጨርቅ ጠርጋችሁ ሰም አድርጉና መልሳችሁ እሰሩት።